የሮበርት ማካርትኒ ግድያ፣ ቤልፋስት 2005፦ ሰባ ሰው እያለ ምስክር የጠፋበት ምሽት

መዝገበ_ነገር (ክሩን የከፈተው)

በዚህ መድረክ ያልተፈታ ግድያ በተነሣ ቁጥር ታሪኩ ይመሳሰላል፤ ጭር ያለ ቦታ፣ ስሙ የማይታወቅ ገዳይ፣ የጠፋ ፍንጭ። የዛሬው ግን ሰው የሞላበት መጠጥ ቤት ነው። እሑድ ምሽት፣ የከተማ እምብርት፣ ከዋናው ፍርድ ቤት ሕንፃ ጥቂት እርምጃ ብቻ። ቤቱ ውስጥ ሰባ ያህል ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት አልፏል፤ ሰውየውን ገድለሃል ተብሎ የተፈረደበት አንድም ሰው የለም።

ቦታው የሰሜን አየርላንድ ዋና ከተማ ቤልፋስት፣ ሜይ ጎዳና ላይ የነበረው የማጌኒስ መጠጥ ቤት ነው። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2005፣ በእኛ ጥር 22 ቀን 1997 ዓ.ም.። ያን ዕለት በደሪ ከተማ የ1972ቱ እልቂት መታሰቢያ ሰልፍ ነበር፤ የእንግሊዝ ወታደሮች ባዶ እጃቸውን የወጡ ሰልፈኞችን የገደሉበት እሑድ። ከመታሰቢያው የተመለሱ ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል ሰሜን አየርላንድን ከእንግሊዝ አገዛዝ ለማላቀቅ በትጥቅ የታገለው የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር (አይ.አር.ኤ.) አባላት፣ ማታ ማጌኒስ ገብተው ይጠጡ ነበር።

ሮበርት ማካርትኒም ከጓደኛው ጋር እዚያው ነበር። ዕድሜው 33፣ የሁለት ወንዶች ልጆች አባት፣ በፎርክሊፍት ሾፌርነት የሚተዳደር ሰው። ሾርት ስትራንድ የምትባለው ሰፈር ልጅ ነው። ይህችን ሰፈር ማወቅ ያስፈልጋል፦ በፕሮቴስታንቶች በተሞላው ምሥራቅ ቤልፋስት ውስጥ ዙሪያዋን የተከበበች ትንሽ የካቶሊኮች ሰፈር ናት። እንዲህ ባለ ቦታ ሕዝቡ ፖሊስን አያምንም፤ ችግር ሲመጣ የሚጠራው አይ.አር.ኤ.ን ነው። የማካርትኒ ቤተሰብም ድምፁን የሚሰጠው ለሺን ፌን፣ ማለትም ለአይ.አር.ኤ. የፖለቲካ ክንፍ ነበር። ሟችና ገዳይ የጠላት ወገኖች አልነበሩም፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሱ፣ ለአንድ ፓርቲ የሚመርጡ የአንድ ወገን ሰዎች ነበሩ።

የጠቡ መነሻ ተራ ነው። ሮበርት የአንድን የአይ.አር.ኤ. ሰው ሚስት በቃል ወይም በምልክት ሰድቧል ተባለ። ጓደኛው ይህ አልሆነም፣ ይቅርታም አንጠይቅም አለ። ጠርሙስ ተሰበረ። ሮበርት ለጓደኛው ሊደርስ ሲሞክር ተመታ፤ ወደ ውጭ፣ ወደ ቨርነር ጎዳና ተጎተተ፤ በብረት ተደበደበ፣ በስለት ተወጋ። ሁለቱም አንገታቸው ላይ በስለት ተቆርጠዋል። አምቡላንስ የጠራ ሰው አልነበረም። ለዘወትር ቅኝት የወጣ የፖሊስ መኪና ነው መንገድ ላይ ያገኛቸው። ጓደኛው ተረፈ። ሮበርት በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ ሞተ።

እስከዚህ ድረስ በየትኛውም ከተማ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። ታሪኩን ሌላ የሚያደርገው ቀጥሎ የመጣው ነው። ገዳዮቹ በድንጋጤ አልተበተኑም። ወደ መጠጥ ቤቱ ተመልሰው ወለሉን አጠቡ፤ አሻራ እንዳይቀር ቤቱ ከዳር እስከ ዳር ተጠረገ። የካሜራው ቅጂ ተወሰደ። የለበሱት ልብስ ተቃጠለ። ለሠራተኞቹና ለጠጪዎቹ ያዩትን እንዳያወሩ ተነገራቸው። ለዓመታት በድብቅ ውጊያ የተካነ ድርጅት ሰዎች ሙያቸውን በአንድ ተራ የመጠጥ ቤት ጠብ ላይ አዋሉት።

ከዚያ ፖሊስ ሰውን ሁሉ ሲጠይቅ መልሱ አንድ ሆነ፦ «እኔ በዚያች ሰዓት መጸዳጃ ቤት ነበርሁ።» የመጸዳጃ ቤቱ ስፋት አራት በሦስት ጫማ ነው። የቤልፋስት ሰው ሰባ አንድ ሰው የሚይዝ መጸዳጃ ቤት እያለ ቀለደበት። ቀልድ ነው፤ ግን እንዲህ ዓይነት ቀልድ የሚወለደው ሁሉም እውነቱን የሚያውቅበት ከተማ ውስጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ «ማን ገደለው?» የሚለው ጥያቄ አያጓጓኝም፤ ቤልፋስት ውስጥ መልሱን የሚያውቅ ሞልቷል። እኔ ልወያይበት የምፈልገው አንድ ሰፈር ሙሉ እያወቀ እንዴት ዝም ሊል እንደቻለ ነው።

ቀጥተኛው

ወንድሜ አጻጻፍህ ያምራል፤ ግን የሰካራሞች ጠብ ነው። በየቀኑ በየከተማው በቢላ የሚወጋ ሰው አለ። ይህ የተለየው ፖለቲካ ስለገባበት ብቻ አይደለም ወይ? አይ.አር.ኤ. የሚለው ስም ባይኖርበት ማን ያስታውሰው ነበር?

መዝገበ_ነገር

ቀጥተኛው፣ ልክ ነህ፤ የእኔም ነጥብ እዚያው ላይ ነው። አይ.አር.ኤ. ባይኖርበት ማንም አያስታውሰውም ነበር፣ ምክንያቱም በሳምንት ውስጥ ይፈታ ነበር። ሰካራም ከወጋ በኋላ የካሜራ ቅጂ አይሰውርም።

ዘላጋን

ቤልፋስት መኖር ከጀመርሁ ቆይቻለሁ፤ ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ማጌኒስ የነበረበት አካባቢ ድብቅ መንደር አይደለም። በአንድ በኩል ፍርድ ቤቶቹ፣ በሌላ በኩል በየሳምንቱ መጨረሻ ሰው የሚጎርፍበት የቅዱስ ጊዮርጊስ ገበያ። ጠበቃውና ዳኛው ምሳ የሚበላበት አካባቢ ነው። ከጀርባው ማርኬትስ የሚባለው የሠራተኞች ሰፈር አለ፤ እሱም የካቶሊኮች ነው። ከላጋን ወንዝ ማዶ ደግሞ ሾርት ስትራንድ። በእግር ድልድዩን ተሻግረህ ትደርሳለህ። ሟቹ ከወንዙ ማዶ፣ የተጣሉት ደግሞ ከዚህኛው ማዶ ናቸው እንጂ ሁለቱም ሰፈሮች ይተዋወቃሉ፣ ይጋባሉ።

በማግስቱ ፖሊስ ማርኬትስ ሰፈር ለፍተሻ ሲገባ ምን እንደገጠመው ብትነግራቸው ጥሩ ነበር። ወጣቶች በድንጋይ ነው የተቀበሉት። የሺን ፌን ፖለቲከኛም ፖሊስ ግድያውን ሰበብ አድርጎ ሰፈሩን እያወከ ነው ብሎ መግለጫ ሰጠ። ሬሳው ገና አልተቀበረም ነበር።

እዚህ ሰው ይህን ጉዳይ ከእንግዳ ጋር አያነሣም። አንድ ጊዜ የሥራ ባልደረባዬን ጠይቄ ስለ አየሩ ሁኔታ አወራችኝ። በቤልፋስት ስለ ዝናብ ወሬ አይጠፋም።

ነገረ_ፈጅ

ሕጉን የሚመለከተውን ልጨምር፤ ብዙ ሰው «ተከሰው ነጻ ወጡ፣ ፍርድ ቤቱ ፈራ» ብሎ ስለሚያልፈው።

በ2005 አጋማሽ አንድ ሰው በግድያ ተከሰሰ፤ ሌሎች ሁለት ሰዎች ደግሞ በጠቡ ተሳትፋችኋል ተብለው አብረውት ቀረቡ። ፍርዱ የተሰጠው በጁን 27 ቀን 2008 ነው። ሦስቱም ነጻ ተለቀቁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ፍርድ ቤት ነጻ ያለውን ሰው በዚህ መድረክ ዳግመኛ መክሰስ አይገባንም።

ችሎቱ ያለ ሕዝብ ዳኞች፣ በአንድ ዳኛ የተካሄደ ነው። ይህ ሥርዓት ከ1973 ጀምሮ በሰሜን አየርላንድ ከታጣቂዎች ጋር ለተያያዙ ጉዳዮች ሲሠራበት የቆየ ነው፤ ምክንያቱም ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች ሊገደሉ ወይም ሊያስፈራሯቸው ይችላሉ ተብሎ ነው። ስለዚህ ፍርሃት ከፍርድ ቤቱ በር እንዲቀር አስቀድሞ ታስቦበት ነበር። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ዳኛ ጊለን አልፈሩም፤ ያጡት ማስረጃ ነው።

የዐቃቤ ሕግ ዋና ምሰሶ አንዲት ሴት ነበረች። መጠጥ ቤቱ ውስጥ አልነበረችም። በአጠገቡ መኪና ውስጥ ሆና ነው ድብደባውን ያየችው። ልብ በሉ፦ ከሰባው ጠጪ ይልቅ ክሱ የተንጠለጠለው በአንዲት አላፊ መንገደኛ ላይ ነው። ማታ ነው፣ ግርግር ነው፣ የምታየው ከመኪና መስኮት ነው። እርሷ በቅንነት ተናግራለች፤ ነገር ግን በዚያ ላይ ብቻ ተመሥርቶ በአንድ ሰው ላይ የዕድሜ ልክ እስራት መፍረድ አይቻልም። እኔም ዳኛ ብሆን ያንኑ እወስን ነበር።

ሌላ አንድ ነገር። በሰሜን አየርላንድ ከ1967 ጀምሮ ከባድ ወንጀል መፈጸሙን እያወቁ ለፖሊስ አለመናገር ራሱ ወንጀል ነው። ሕጉ አለ። ግን ሰባውን ሁሉ «መጸዳጃ ቤት አልነበራችሁም» ብሎ ለመክሰስ መጀመሪያ አንደኛው በሌላው ላይ መመስከር አለበት። ክቡ ተዘጋ።

የድሮ_ጸሐፊ

ልጆቼ፣ በሚገባ ነው የምትወያዩት። እኔ በወጣትነቴ በአውራጃ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ፤ ለዚህ ነገር የእኛ አባቶች መድኃኒት ነበራቸው ብዬ አስባለሁ።

አፈርሳታ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ በሌላ ስሙ አውጫጭኝ። ስርቆት፣ ቃጠሎ ወይም የሰው ነፍስ ጠፍቶ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን በመሐላ ይናገራል። ነገሩ ካልወጣ ጉባኤው አይበተንም፤ ለነገ፣ ለከነገ ወዲያ ይቀጠራል። እርሻው ያድራል፣ ከብቱ ይራባል። በመጨረሻም ካልተገኘ ዕዳውን አገሩ ተካፍሎ ይከፍላል። የነገሩ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ዝም ማለት ለእያንዳንዱ ሰው ዋጋ ያስከፍለዋል። ቤልፋስት ግን ዝም ያለው ሰው በሰላም ቤቱ ገባ፣ ዋጋ የሚከፍለው የሚናገረው ሆነ። ያን የመጠጥ ቤት ጉባኤ አንድ ጭቃ ሹም ቢያገኘው በሦስተኛው ቀን መጸዳጃ ቤቱ ባዶ ይሆን ነበር።

ሰናይት_ዘለንደን

ጋሼ፣ ያሉት ደስ ይላል፤ ግን አያቴ ስለ አፈርሳታ የምትነግረን ሌላ ነበር። ሰው ሰልችቶት እርሻው ሊያድርበት ሲል ዘመድ በሌለው፣ መጤ በሆነ፣ የሚከራከርለት ባጣ ሰው ላይ ጣት ይቀሰራል። ጉባኤው ይበተናል። እውነቱ ወጥቷል ወይ? አገር ግን ወደ እርሻው ተመለሰ። ማርኬትስ ላይ አፈርሳታ ቢጠራ ደግሞ ጉባኤውን የሚመራው ማን ይሆናል? የሰፈሩ ሹሞች ራሳቸው ገዳዮቹ ወይም የገዳዮቹ አለቆች ናቸውኮ።

እኔ ግን የመጣሁት ስለ እኅቶቹ ልጽፍ ነው። እስካሁን ሁላችሁም ስለ ዝምታ ጻፋችሁ፤ ዝም ያላሉትን ማን ያንሣ?

ሮበርት አምስት እኅቶች ነበሩት፤ ካትሪን፣ ፓውላ፣ ጄማ፣ ዶና እና ክሌር። የልጆቹ እናትም ከእነርሱ ጋር ቆመች። ማናቸውም ፖለቲከኛ አልነበሩም። በሰፈራቸው መሀል ቆመው «ወንድማችንን የገደሉት የአይ.አር.ኤ. ሰዎች ናቸው፣ ያያችሁ ተናገሩ» አሉ። ሾርት ስትራንድ ውስጥ ይህን በአደባባይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ዘላጋን ያውቃል። በፌብሩዋሪ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ወጥቶ አብሯቸው ተሰለፈ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንግሊዞች ያልቻሉትን፣ በአይ.አር.ኤ. ላይ የገዛ ሰፈሩ ሰው ድምፁን እንዲያሰማ፣ እነዚህ ሴቶች በሳምንታት ውስጥ አደረጉት።

ከዚያ ነገሩ ተንቀሳቀሰ። በፌብሩዋሪ 25 አይ.አር.ኤ. ሦስት አባላቱን አባረረ። ሺን ፌን ሰባት አባላቱን አገደ። የፓርቲው መሪ ጄሪ አዳምስ እኅቶቹን በፓርቲው ጉባኤ ላይ ጋበዛቸው።

በማርች 8 ደግሞ እስከ ዛሬ ሳነበው የሚዘገንነኝ መግለጫ ወጣ። አይ.አር.ኤ. ከቤተሰቡ ጋር ለሰዓታት ተገናኝቶ እንደነበር ገለጸ። በግድያው በቀጥታ የተሳተፉ አራት ሰዎች መኖራቸውን፣ ማንነታቸውን እንደሚያውቅ፣ ሁለቱ የራሱ አባላት እንደሆኑ ተናገረ። ቀጥሎም ለቤተሰቡ፦ ከፈለጋችሁ በጥይት እንመታቸዋለን የሚል ሐሳብ አቅርበን ነበር አለ። በይፋ፣ በጽሑፍ።

እኅቶቹ እምቢ አሉ። የምንፈልገው ፍርድ ቤት ነው አሉ።

የድሮ_ጸሐፊ

ልጄ ሰናይት፣ የአያትሽን ነገር አልክድም፤ ደካማው ላይ የሚያርፍ ፍርድ በእኔም መዝገብ አልፏል። ስለ እኅቶቹ የጻፍሽው ግን ሌላ ነገር አስታወሰኝ። በድሮው ሥርዓት ገዳይ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ወገን ይሰጥ ነበር። ወይ ደም ይመልሳሉ፣ ወይ ሽማግሌ ገብቶ የደም ዋጋ ተቀብለው ይታረቃሉ። ምርጫው የቤተሰቡ ነበር። አይ.አር.ኤ. ያደረገው በመልኩ ይህንኑ ይመስላል።

ግን አይደለም። በእኛ ዘንድ መጀመሪያ በአደባባይ ክርክር ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽ በላ ልበልሃ ይባባላሉ፣ ዋስ ይጠራል፣ ምስክር ይሰማል፣ ዳኛ ይፈርዳል። ደም መላሹ የሚመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። እነዚያ ሰዎች የሰጡት ደሙን ብቻ ነው፤ አደባባዩን ግን ነፈጓቸው። ማን እንደገደለ ያውቃሉ፣ ሊገድሉትም ዝግጁ ናቸው፣ ስሙን ለዳኛ መስጠት ግን አይሆንላቸውም።

ነገረ_ፈጅ

የጋሼን ነጥብ በደንብ ማስመር እፈልጋለሁ። ድርጅቱ አራት ሰዎችን አውቃለሁ ብሎ በጽሑፍ አምኗል፤ እንዲያም ሆኖ ያ እውቀት ለፍርድ ቤት አንድ ገጽ ማስረጃ ሆኖ አልቀረበም። የተባረሩት ሰዎች ወደ ፖሊስ ሄደው እንዲናገሩ ተመከሩ ተባለ። ከሄዱትም አንዳንዶቹ ጠበቃቸው አጠገብ ተቀምጠው አንድም ጥያቄ ሳይመልሱ ወጡ። ፖሊስ ጣቢያ መሄድና መመስከር ለየቅል ናቸው።

ቀጥተኛው

እሺ፣ አሁን ገባኝ። ግን አንድ ጥያቄ ላንሣ፤ የማይወደድ ይሆናል። እነዚህ እኅቶች ዋይት ሐውስ ድረስ ተጋብዘዋል አይደል? በቤልፋስት በዚያው ዘመን በሌላው ወገን ታጣቂዎች፣ በፖሊስና በወታደር የተገደሉ ካቶሊኮች ሞልተዋል። እኅቶቻቸውን ማን ጋበዘ? እንግሊዝና አሜሪካ አይ.አር.ኤ.ን ለመጫን በሐዘናቸው አልተጠቀሙበትም ትሉኛላችሁ?

መዝገበ_ነገር

ይህ ጥያቄ ያኔም ተነሥቷል፤ ማርቲን መጊነስ ራሱ፣ የሺን ፌን ሁለተኛ ሰው፣ የፖለቲካ መጠቀሚያ እንዳትሆኑ ብሎ በአደባባይ አስጠንቅቋቸዋል። ለሐዘንተኛ የሚነገር ቃል አልነበረም። ብዙ ሰው እንደ ዛቻ ነው የሰማው።

ጊዜውን ግን አስታውሱ። በዲሴምበር 2004፣ ከግድያው ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ከቤልፋስቱ ኖርዘርን ባንክ 26.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተዘርፏል። ፖሊስ አይ.አር.ኤ.ን ከሰሰ፣ አይ.አር.ኤ. ካደ። የ1998ቱ የሰላም ስምምነት ተንጠልጥሎ ነበር። እና አዎን፣ ለንደንም ዋሽንግተንም የሚመቱበት በትር ይፈልጉ ነበር። በማርች 17፣ በቅዱስ ፓትሪክ ቀን፣ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የሰሜን አየርላንድን ፓርቲዎች ትተው አምስቱን እኅቶችና የልጆቹን እናት ተቀበሉ። አዳምስን ለዓመታት በክብር ሲያስተናግዱ የነበሩት ሴናተር ቴድ ኬኔዲ ቀጠሯቸውን ሰረዙበት። አይሪሽ አሜሪካውያን ለአይ.አር.ኤ. ገንዘብና ልብ ሲሰጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ በር ሲዘጉበት ማየት ቀላል አልነበረም።

ተጠቅመውባቸዋል ወይ? ተጠቅመዋል። እኅቶቹም እያወቁ ነው የሄዱት ብዬ አምናለሁ። በሰፈራቸው በር ሁሉ ሲዘጋባቸው በተከፈተላቸው በር ገቡ። ለእኔ የሚያስቀይመው ዋይት ሐውስ መግባታቸው አይደለም፤ ወንድማቸው ከሞተበት ጎዳና ውቅያኖስ ተሻግሮ ፕሬዚዳንት ጋ መድረስ፣ ከሰባ ጎረቤት የአንዱን ቃል ከማግኘት መቅለሉ ነው።

የአዋሳው

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሁላችሁም ሰባውን ሰው ስትወቅሱ እኔ ግን ራሴን በዚያ ቤት ውስጥ አስቀመጥሁት። ቢራዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ሰፈሩን የሚገዙት ሰዎች በደም የተነከረ እጃቸውን ታጥበው ገቡ፤ ዐይኔን እያዩ «ምንም አላየህም» አሉኝ። ስሜን ያውቃሉ። የእናቴን ቤት ያውቃሉ። ልጄ የምትማርበትን ያውቃሉ። ፖሊሱ የሚጠብቀኝ እስከ መቼ ነው? እኔስ መጸዳጃ ቤት ነበርሁ የምል ይመስለኛል።

ፈሪ በሉኝ። እኛም ሰፈር አንድ ልጅ ከግሮሰሪ በር ላይ በተነሣ ጠብ ተመትቶ ሞቷል። መንገዱ ሰው ሞልቶበት ነበር። ፖሊስ ሲመጣ ሁሉም ገና አሁን መድረሱ ነበር። ማን እንደሆነ ዛሬም ይታወቃል። እናቱ በየለቅሶው ትመጣለች፣ ከእኛ ጋር ትቀመጣለች፣ እኛም ቡና እንቀዳላታለን።

ሰናይት_ዘለንደን

የአዋሳው፣ ፈሪ አልልህም። ያነበብሁት ሁሉ የሚለው አንተ ያልኸውን ነው። እንዲያውም የፍርሃቱ ትክክለኛነት በእኅቶቹ ላይ ታየ። ዓለም ሁሉ ካጨበጨበላቸው በኋላ ወደ ሰፈራቸው ሲመለሱ ሰላምታ ቀረ፣ ስድብ መጣ፣ የልጆቹ እናት ቤት ደጃፍ ላይ ሰው እየተሰበሰበ ጮኸባት። ያው 2005 ሳያልቅ ቤተሰቡ ከሾርት ስትራንድ ለቆ ወጣ። ትውልድ የኖሩበት ሰፈር ነው። ዘመድ ሆነው የተናገሩት ይህ ከገጠማቸው፣ ዘመድ ያልሆነው ቢናገር ምን ይጠብቀው ነበር?

ዘላጋን

ሰናይት ያለችው ትክክል ነው፤ ስለ ለቀቃው እዚህም የሚነገረው ይኸው ነው። ግን ለሰባው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ምሕረት አልሰጥም። ከመካከላቸው ፈርቶ ዝም ያለ አለ። አምኖበት ዝም ያለም አለ። ለሺን ፌን ሰው ያኔ ለፖሊስ መመስከር ክህደት ነበር፤ ፓርቲው ፖሊስን በይፋ የተቀበለው በጃንዋሪ 2007 ነው። ስለዚህ በ2005 ፓርቲው ሕዝቡን «ያያችሁትን ለጠበቃችሁ ወይም ለፖሊስ እንባ ጠባቂ ንገሩ» ይል ነበር እንጂ «ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ» የሚለው ቃል ከአፉ አይወጣም ነበር። በዚያ ጠማማ መንገድ የሄዱትም ብዙዎቹ ምንም አላየንም ብለው ነው የፈረሙት።

አይ.አር.ኤ. በጁላይ 2005 የትጥቅ ትግሉን ማቆሙን አወጀ፤ በሴፕቴምበር መሣሪያው መወገዱ ተረጋገጠ። ብዙ ምክንያት አለው፤ የኒው ዮርኩ የ2001 ጥቃት፣ የባንኩ ዝርፊያ፣ የዓመታት ድርድር። የማካርትኒ ግድያም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው ብሎ የሚከራከር ብዙ ነው፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። ሰፈሬን እጠብቃለሁ ባይ ሠራዊት የሰፈሩን ልጅ በመጠጥ ጠብ ገድሎ ሲያበቃ፣ ለምን መሣሪያ ያዝህ ሲባል መልስ ያጣል።

ቀጥተኛው

እና ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ? ከ2008ቱ ፍርድ በኋላ ምንም የለም?

ዘላጋን

አለ፤ ግን ደስ የሚል አይደለም። በሜይ 2015፣ በማርኬትስ ሰፈር፣ በጠራራ ፀሐይ አንድ የቀድሞ የአይ.አር.ኤ. አዛዥ በጥይት ተገደለ። በማካርትኒ ጉዳይ ስሙ ሲነሣ የኖረ፣ ተይዞ የተጠየቀ፣ ነገር ግን አንድም ቀን ያልተከሰሰ ሰው ነው። በኦገስት ደግሞ ያን ገድሏል ተብሎ የተጠረጠረ ሌላ የቀድሞ አባል በሾርት ስትራንድ በቤቱ ደጃፍ ተገደለ። ይህ ከሮበርት ግድያ ጋር ግንኙነት አለው የሚል ማስረጃ የለም፤ የሁለቱ የቆየ ቂም ነው የሚባለው። ነገር ግን ፖሊስ የአይ.አር.ኤ. መዋቅር ዛሬም አለ ብሎ ሲናገር የስቶርሞንት፣ ማለትም የሰሜን አየርላንድ ጥምር መንግሥት ሊፈርስ ደርሶ ነበር። ቀዳሚ ሚኒስትሩ ፒተር ሮቢንሰን ለጊዜው ከወንበራቸው ተነሡ።

የድሮ_ጸሐፊ

ሁለት ሰፈር፣ ሦስት ሬሳ፣ አንድ ወንዝ መሀል። ምስክርስ ተገኘ፣ ለሁለቱ?

ዘላጋን

ጋሼ፣ በዚያም ቢሆን ሰፈሩ ያው ሰፈር ነው።

ቀጥተኛው

አንድ ነገር ግን አልተመለሰልኝም። ቅድም ስለ ሌላው ወገን ጠይቄ ነበር። ዝምታ የካቶሊኮች ሰፈር በሽታ ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድ።

ነገረ_ፈጅ

ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። የሮበርት ሃሚልን ጉዳይ አንብብ። የ25 ዓመት ካቶሊክ ነው። በኤፕሪል 1997 ፖርታዳውን ከተማ ውስጥ ሌሊት ከጭፈራ ሲመለስ የፕሮቴስታንቶች መንጋ መንገድ ላይ ደበደበው፤ ሜይ 8 ቀን ሞተ። እዚያ ደግሞ አራት ፖሊሶች መኪናቸው ውስጥ ሆነው በቅርብ ርቀት ነበሩ። በግድያውም ማንም አልተቀጣም። የዚያኛው ዝምታ ዩኒፎርም የለበሰም ነበረበት፤ የሾርት ስትራንድ ሰው ፖሊስን የማያምነው በባዶ ሜዳ ተነሥቶ አይደለም።

የማካርትኒ መዝገብ ግን አልተዘጋም። በዚያ አገር ግድያ በይርጋ አይታገድም። ያ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነበርሁ ያለ ማንኛውም ሰው ዛሬም ቢሆን ቃሉን መለወጥ ይችላል።

መዝገበ_ነገር

የሃሚልን ጉዳይ ለብቻው ክር እከፍትለታለሁ፤ በዚህ ውስጥ ቢገባ ይጠፋል። ፖሊሶቹ ከመኪናው ለምን አልወረዱም የሚለው ላይ ምርመራ ተካሂዷልና ነገረ_ፈጅ የሕጉን ክፍል ያዘጋጅልን። ዘላጋን፣ ፖርታዳውን ሄደህ ታውቃለህ?

ዘላጋን

በባቡር አልፌበታለሁ፤ ወርጄ አላውቅም። ክሩን ክፈተውና እሄዳለሁ።